በስሜ የሄደው ቁልፍ

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዤአለሁ። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ለእናቴ ክፉ ቃል መመለሴን ተናግሬአለሁ። ይህንን ግን ለእሳቸውም ሆነ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት፣ «ለአንድ ሸምገል ላሉ ቄስ የኮምፒውተር ፕሮግራም ቁልፍ ምን እንደሆነ ከየት ጀምሬ ላስረዳ?» የሚል ነበር። ውሸቴን ነው። ማስረዳቱ አላቃተኝም፤ ያቃተኝ መናገሩ ነው።

ለማታውቁ በአጭሩ ልናገር። አንዳንድ ፕሮግራም የሚገዛ ነው። የገዛ ሰው ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ይሰጠዋል፤ ያንን ሲያስገባ ይከፈትለታል። ቁልፍ የሚሉት እሱን ነው። ሮቤ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በክፍላችን የስልክ ግሩፕ ውስጥ አንድ ጨዋታ ነበር። አንዱ ከልቡ ፈጥሮ የውሸት ቁልፍ ይለጥፋል። ያመነው ይሞክረዋል፤ እምቢ ይለዋል። የተታለለው ግን አይቆጣም፤ ቀጣዩም እንዲታለልለት «ሠራልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ከሥሩ ይጽፋል። ቀጣዩም እንዲሁ። «ሠራልኝ፣ ሠራልኝ» እያለ ሲወርድ እያየን እንስቃለን።

እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁት ለአቅመ ሔዋን ደርሼ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የክፍሌ ልጆች ሁሉ ታናናሾቼ ነበሩ። እንደ ትልቅ ሴት «አዴ» ይሉኛል። አክብሮት ይመስላል፤ ውስጡ ግን ከእኛ አይደለሽም የሚል ነገር ነበረበት። ከቤተ መጻሕፍት ስለማልጠፋ «አዴ፣ ዛሬ ቤተ መጻሕፍቱን ማን ይጠብቀው?» ይሉኛል። «አዴ፣ ልጆችሽን ለማን ትተሽ መጣሽ?» ይሉኛል፤ ልጅ እንደሌለኝ እያወቁ። አንድ ቀን እንኳ እኔ ላይ ሳይሆን ከእኔ ጋር እንዲስቁ ፈለግሁ። ይህ ምክንያት ነው ወይስ ማመካኛ? እስካሁን አልለየሁትም።

ስሠራው ደግሞ እንደ ልማዴ ተጠንቅቄ ሠራሁት። የሌሎቹ ቁልፍ የውሸት መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። እኔ እውነተኞቹ እንዴት እንደሚከፋፈሉ፣ የትኛው ፊደል እንደማይገባባቸው አጠናሁ። ከዚያ አንድ ነገር ከራሴ ጨመርኩበት፤ ስምንት ቁጥርንና የእንግሊዝኛውን ቢ እያፈራረቅሁ ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። ለምን? የሚሞክረው ሰው እምቢ ሲለው ቁልፉን እንዳይጠረጥር፣ ዓይኑን እንዲጠረጥር። ተሳስቼ ይሆናል ብሎ እንደገና እንዲሞክር። አስቤበት ነው ያደረግሁት። እኔ ነኝ ያሰብኩት።

ተሳካልኝ። «አዴ ገደለችን» አሉ። «ዝምተኛ ፍሩ ያሉት እሷን ነው» አሉ። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። ቁልፉ ስሜን ከላዩ እንደያዘ ወደ ሌሎች ግሩፖች ሲተላለፍ፣ በደረሰበት ሁሉ አዲስ «ሠራልኝ» ሲጻፍለት አየሁ። አላጠፋሁትም።

ጋሽ ከድር ጎባ ላይ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ። መሬት የተወሰደበትም፣ ለልጇ ቀለብ የምትጠይቅም እሳቸው ዘንድ ቁጭ ብሎ ሆዱን ያራግፋል፤ እሳቸው ዳኛ ፊት የሚቆም አድርገው ይጽፉለታል። በእጃቸው ሲጽፉ ኖረው፣ አረብ አገር ያለች ልጃቸው ኮምፒውተር ስትልክላቸው በዚያ ዕድሜያቸው መተየብ ተማሩ። ለእኔ ጎረቤቴ ናቸው። ከሕፃናት ጋር ተሰልፌ ትምህርት ቤት ስሄድ ሰፈሩ ሲስቅብኝ፣ ያልሳቁት እሳቸው ናቸው። «ደብተርሽን አሳዪኝ» ይሉኝና ጽሕፈቴን ያርሙ ነበር። አንዲት ፊደል ብታዘነብል አያልፉኝም። ጥንቃቄን የተማርኩት ከእሳቸው ነው።

ለእረፍት ጎባ ቤታችን ሳለሁ ኮምፒውተራቸውን በጋቢ ጠቅልለው መጡ። «አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ» እያሉ ገቡ፤ ልጄ እንዴት ነሽ ማለታቸው ነው። የመጻፊያው ፕሮግራም ጊዜው አልፎ ተቆልፎባቸዋል። የድሮውን ያሳያል እንጂ አዲስ አያስጽፍም፤ ባለጉዳይ እየተመለሰባቸው ነው። ስልካቸውን ከፍተው ሰጡኝ። የእኔ ቁልፍ ነበር። ከላዩ ስሜ፣ ከሥሩ «ሠራልኝ»።

«ስምሽን ሳየው ደስ አለኝ» አሉ። «አየለች የላከችው ከሆነ ስሕተት የለበትም አልኩ። ይኸው ለሰው ሁሉ ሠርቷል፤ እኔን ብቻ ነው እምቢ ያለኝ። ወላሂ ዓይኔ ነው። ይቺ ስምንትና ይቺ ቢ ይምታቱብኛል። እስቲ አንቺ አስገቢልኝ።»

«የውሸት ነው ጋሽ ከድር» ማለት ይበቃ ነበር። ለምን አላልኩም? ስሜ ከላዩ አለ። ታዲያ ለምን ላክሽው ቢሉኝስ? ፊታቸው ሲለወጥ ማየት ፈራሁ። ስለዚህ ቁጭ አልኩና አስገባሁት። የገዛ ውሸቴን ጮክ ብዬ እያነበብኩ አስገባሁት። እሳቸው ጎንበስ ብለው እየተከተሉኝ «ይቺ ስምንት ናት አይደል?» ይላሉ። እኔ «አይ፣ ቢ ናት» እላለሁ። እምቢ አለ።

«ቀድመው ብዙ ጊዜ ስለተሳሳቱ ቆልፎት ይሆናል» አልኳቸው። አስቤበት አልነበረም፤ ከአፌ አመለጠኝ። ግን ያመለጠው ከእኔ አፍ ነው።

«እኔም ይህንኑ ጠርጥሬ ነበር» አሉ። ኮምፒውተሩን መልሰው ጠቀለሉት። «ሌላ ሰው ቢሆን ይከፍተው ነበር። አበላሸሁት።»

በነጻ የሚገኝ ሌላ መጻፊያ ልጭንላቸው እችል ነበር። በዚያው ሰሞን ለክፍሌ ልጅ ጭኜአለሁ፤ ስለዚህ አላወቅሁም አልልም። ዳግመኛ አጠገባቸው መቀመጥ ስለፈራሁ ብቻ ተውኳቸው።

ጋሽ ከድር መጻፍ ተዉ። ኮምፒውተሩን ሸጡት። በእጅዎም ቢሆን ይጻፉልን ብሎ ለሚለምናቸው «ዓይኔ ከድቶኛል፣ የሰው ጉዳይ አላበላሽም» ብለው ይመልሳሉ። ያው በዕድሜ ምክንያት መተዋቸው አይቀርም ነበር እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞክሬአለሁ። ዓይናቸው ደክሞ አልነበረም ወይ? ትንሽ ደክሞ ነበር። ግን ከቁልፉ በላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ስሜን ያለ ማንም እርዳታ አንብበው አይደለም ወይ እኔ ዘንድ የመጡት?

አሁን ሮቤ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። በቅርቡ ጋሽ ከድር ለጉዳይ መጡ፤ ተራቸው እኔ መስኮት ላይ ደረሰ። የሚፈርሙበትን ቦታ በጣቴ አሳይቼ እስክሪብቶ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ቆይተው አዩት። እስክሪብቶውን መለሱልኝ።

«ቦታውን እስተዋለሁ። አሻራ ይሁን» አሉ።

አሻራ ሊያደርግ የመጣውን ገበሬ «ጣትህን ሰብስብ፣ ና ስምህን ላስተምርህ» ብለው የሚቆጡ ሰው ነበሩ። አውራ ጣታቸውን ይዤ ቀለሙ ላይ ጫንኩት፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጫንኩት። እጃቸው እንደ ሕፃን እጅ ታዘዘልኝ። መጥረጊያ ሳቀርብላቸው አልተቀበሉኝም፤ ጣታቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀው ወጡ። ያኔም አልተናገርኩም። ከኋላቸው ወረፋ ስላለ ነው አልኩ። ሁልጊዜ የምለው አላጣም።

ለእሳቸው ሳልነግር ለእናንተ መናገሬ ድፍረት እንዳይመስላችሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ፊታችሁንም አላይም። ልጅነት ነው እንዳትሉኝ፣ ከዚያ ሁሉ ልጅ መካከል ትልቋ እኔ ነበርኩ። ቀልድ ነው እንዳትሉኝ፣ ጋሽ ከድር አጠገቤ ቁጭ ብለው «ይቺ ስምንት ናት?» ሲሉኝ የሚስቅ ሰው አልነበረም። ይቅር እንልሻለን የምትሉም ካላችሁ ተዉት። የበደልኩት እናንተን አይደለም።