ሼድ፣ ሻዶው እና የትርንጎ ሁለት ማርክ

ደብረ ታቦር የገባሁት ዝናቡ ገና ሳያባራ ነው። የዳይሬክተሩ ቢሮ ደጃፍ ላይ ቆሜ የጫማዬን ጭቃ በእንጨት ስፍቅ በመስኮት አይተውኝ ኖሮ፣ «ግባ ጓድ፣ እዚህ አገር ጭቃ የሌለው ጫማ የለም» አሉኝ። የምደባ ደብዳቤዬን አነበቡና አንድ ካርቶን ጠመኔ፣ አንድ ዳስተር፣ አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ ቆጥረው ሰጡኝ። «አሥረኛ ሀ፣ ለ እና ሐ እንግሊዝኛ ያንተ ናቸው። ደወል ሊደወል ነው፤ ሂድ» አሉ። ሻንጣዬን እዚያው ቢሮ ጥዬ ሄድኩ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ዲፕሎማዬን ካገኘሁ ሦስት ወር አልሞላኝም። የመጀመሪያዋን ክፍለ ጊዜ በምን እንደምሞላት ስላላወቅሁ፣ ከኮሌጅ ይዤው ከመጣሁት ደብተር ሁለት ቃል ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፦ ስቲል እና ሮብ። «ባለቤቱ ሳያይ የወሰደ እንደሆነ ስቲል ነው፤ ፊት ለፊት አስፈራርቶ ከወሰደ ግን ሮብ ነው» ብዬ ገለጽኩ። ከኋላ አንዱ፣ «ሌባና ሽፍታ ማለት ነዋ!» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ሁሉም ገባቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተቀራራቢ ቃላትን መለየት እንጀራዬ ሆነ።

ቦሮው እና ሌንድን በበሬ አስተማርኩ፤ የሚዋሰውና የሚያውሰው ማን እንደሆነ የገበሬ ልጅ አይጠፋውም። ሂር እና ሊስን ላይ ስደርስ «ድምፅ ጆሮህ ውስጥ ሲገባ ሂር ነው፤ ልብህን ሰጥተህ ስትከታተል ሊስን ነው» አልኩ። አንዷ ቀስ ብላ፣ «የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሂር ነው የምናደርገው» አለች። ማን እንደተናገረ እንዳልሰማሁ ሆኜ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። የዘመኑን ጠባይ የሚያውቅ ለምን እንደዞርኩ ይረዳኛል።

ተማሪዎቹ «ቲቸር ልዩነቱ» የሚል ስም አወጡልኝ። ሌሎች መምህራንም ሲቸግራቸው «እሱን ጠይቁ» ብለው ወደ እኔ ይልኩ ነበር። ደስ አለኝ ብቻ ሳይሆን ልቤ አበጠ። ያኔ «አላውቅም» ማለት የሚያስችል አፍ አልነበረኝም።

ሦስተኛ ዓመቴ ላይ አሥረኛ ለ ውስጥ ትርንጎ የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። ከጋፋት በኩል በየቀኑ በእግሯ ትመጣለች። ብዙ አትናገርም፤ ስትናገር ግን አንብባ ነው። አንድ ቀን ተነሥታ፣ «ቲቸር፣ የሼድና የሻዶው ልዩነት ምንድን ነው?» አለችኝ።

አላውቀውም ነበር። በአማርኛ ሁለቱም ጥላ ናቸው፤ ደብተሬም ውስጥ የሉም። እኔ ግን ዐይኔን እንኳ ሳላሽ፣ «ሼድ የዛፍና የቤት ነው፤ ሻዶው የሰውና የእንስሳ ነው» አልኩና ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። እዚያው ነው የፈጠርኩት።

ትርንጎ አልተቀመጠችም። «መጽሐፉ ግን ለአንዱ ዛፍ ሁለቱንም ይላል። መንገደኛው ከዛፉ ሼድ ስር ተቀመጠ ይልና፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ የዛፉ ሻዶው ወንዙን ተሻገረ ይላል።»

መጽሐፉን ገለጥኩት። እንዳለችው ነው። ሃምሳ ሁለት ተማሪ አፌን ያያል። «የኅትመት ስሕተት ነው። እርሳስ አውጡና አርሙ» አልኩ። አንዱ ደንግጦ፣ «በመንግሥት መጽሐፍ ላይ?» ብሎ ጠየቀ። «እኔ ፈቅጃለሁ» አልኩት። ሁሉም ትክክሉን ሰርዘው የእኔን ስሕተት ጻፉበት።

ትምህርት ቤቱ አንድ ትልቅ መዝገበ ቃላት ነበረው፤ በቤተ መጻሕፍቱ የመስታወት ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። በፊቱ በቀን አራት ጊዜ አልፋለሁ። አልከፈትኩትም። ጊዜ አጥቼ አልነበረም፤ ተሳስቼ ባገኘው ምን እሆናለሁ ብዬ ነው።

ይባስ ብዬ የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ላይ አወጣሁት። «እኩለ ቀን ላይ የዛፉ ______ አጭር ነው፤ ከሼድና ከሻዶው መርጠህ ሙላ» የሚል ጥያቄ ነው፤ ሁለት ማርክ ይዟል። ለምን እንዳወጣሁት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። የዋሸሁት ነገር ፈተና ላይ ከወጣ እውነት የሚሆን መስሎኝ ነው መሰለኝ። ትርንጎ ሻዶው ብላ ሞላች። ቀይ ኤክስ አድርጌ ወደሚቀጥለው ወረቀት አለፍኩ።

በሳምንቱ ከአሥረኛ ክፍል ለጤና ረዳትነት የሚሠለጥኑ ተማሪዎችን ስም ዝርዝር ወደ ጎንደር እንድንልክ ትእዛዝ መጣ። መስፈርቱ በእንግሊዝኛ ሰማንያና ከዚያ በላይ ነው። የአሥረኛ ለ ኃላፊ ደምሴ የሚባል ወዳጄ ነበር፤ ሒሳብ ነው የሚያስተምረው። ሻይ እየጠጣን፣ «ያቺ የጋፋቷ ልጅ አሳዘነችኝ። ሰባ ስምንት! በሁለት ማርክ ቀረች» አለኝ።

ሻይዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ወረቀቷን ከጥቅሉ መዝዤ ኤክሱን አየሁት። ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ቁምሳጥኑን አስከፈትኩ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ሼድ ፀሐይ የማይደርስበት፣ ሰው ዐረፍ የሚልበት ቦታ ነው። ሻዶው ብርሃን የከለለ ነገር መሬት ላይ ወይም ግድግዳ ላይ የሚጥለው ቅርጽ ነው። ዛፍ ሁለቱም አለው። ቦታ አያጥርም፤ የሚያጥረው ቅርጹ ነው። ትርንጎ ልክ ነበረች፤ ሰማንያ ነበረች።

በማግስቱ ሐሙስ አባቷ መጡ። አቶ አለልኝ ይባላሉ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው የመምህራን ክፍል በር ላይ ጠበቁኝ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው እጅ ነሥተው ሲቆሙ ወዴት እንደምገባ ጠፋኝ።

«የኔታ፣ ልጄ ምኑን ነው ያጠፋችው? ይንገሩኝና እኔም ልምከራት» አሉ።

«ጎበዝ ናት፣ አባት። ትንሽ ነው የቀራት» አልኳቸው።

«ስንት ነው ትንሹ?»

«ሁለት።»

«ሁለቱን ምን ላይ ጣለቻቸው?»

«ጥንቃቄ ላይ» አልኩ።

አቶ አለልኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናቷ ታማለች፣ የኔታ። እስከ አሥራ ሁለት ላቆያት ዐቅም የለኝም። ይኸ ሥልጠና ከቀረ ለጠየቁን ሰዎች ቃል እንሰጣለን፤ መስከረም ሳይጠባ ትዳራለች። እሷ እንኳ ጤና ረዳት ሆኜ እናቴን አክማለሁ ነበር የምትል። በሉ እግዜር ይስጥልን፤ ጥንቃቄ የለሽም እላታለሁ» ብለው ሄዱ። እስከ ዛሬ የማፍረው ከኤክሱ ይልቅ በዚያች በአንዲት ቃሌ ነው።

ማርክ ማስተካከል ይቻል ነበር። ሥርዓቱ የታወቀ ነው፦ መምህሩ ማመልከቻ ይጽፋል፣ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ወረቀቱን ያያል፣ ሮስተሩ ላይ በቀይ ተሰርዞ አጠገቡ ይፈረማል። ጉዳዩ ግን በመምህራን ስብሰባ ላይ በግለ ሂስ መልክ ይቀርባል፤ ቃለ ጉባኤውም ከግል ማኅደር ጋር ይያያዛል። እኔ ደግሞ በዚያ ክረምት ለዲግሪ ትምህርት ከታጩት አንዱ ነበርኩ። ዝርዝሩ ቅዳሜ ጠዋት ይሄዳል፤ ስብሰባው ዓርብ ከሰዓት ነው።

ለደምሴ ነገርኩት። «አብደሃል እንዴ? መጽሐፍ አሳርመሃል፣ ስሕተት አስተምረሃል፤ ይኸን ሁሉ በአደባባይ ልትናገር ነው? ክረምቱን እርሳው» አለኝ።

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷማ ታሳዝናለች።» ጥቂት አሰብ አደረገና፣ «በል የእኔን መዘግየት ውሰድ» አለኝ።

ይህን ለዛሬ መምህራን ማስረዳት ያስፈልጋል። በየወሩ ሂስና ግለ ሂስ ነበረብን፤ እያንዳንዱ መምህር ተነሥቶ ጥፋቱን መናገር አለበት። ጥፋት የለኝም ማለት ራሱ ጥፋት ነው። ስለዚህ ቀላል ቀላል ጥፋቶችን አስቀድመን እንከፋፈል ነበር፦ አንዱ ዘግይቻለሁ ይላል፣ አንዱ ጠመኔ አባክኛለሁ፣ አንዱ የትምህርት ዕቅዴን በሰዓቱ አላስገባሁም። በሚቀጥለው ወር እንለዋወጣለን። የዚያ ወር መዘግየት የደምሴ ነበር፤ ለእኔ ለቀቀልኝ።

ዓርብ ተራዬ ደረሰ። ዳይሬክተሩ፣ «ጓድ፣ ግለ ሂስ?» አሉኝ። ተነሣሁ። ማመልከቻውን ሌሊት ጽፌ ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር፤ በጣቴ ነካሁት። «በዚህ ወር ሁለት ጊዜ ዘግይቻለሁ። ለወደፊቱ አርማለሁ» አልኩ። በሥራ ዘመኔ አንድ ቀን እንኳ ዘግይቼ አላውቅም። ቃለ ጉባኤ ያዡ ጻፈ። ዳይሬክተሩ፣ «ግልጽነትህ ለሌሎች ምሳሌ ነው» አሉ። ተጨበጨበልኝ።

ቅዳሜ ዝርዝሩ ሄደ። ክረምቱን እኔ ተማርኩ። መስከረም ላይ የአሥራ አንደኛን ስም ስጠራ ትርንጎ የለችም። «እብናት ተዳረች» አሉኝ ልጆቹ። እኔም ቀስ ብዬ መጽሐፍ ክፍል ገባሁና ያሳረምኳቸውን መጻሕፍት በላጲስ ማጥፋት ጀመርኩ። አርባ ሦስቱን አገኘሁ፤ ዘጠኙ የት እንደደረሱ አላወቅሁም። መጻሕፍቱን ማጽዳት ቀላል ነበር፤ ማንም ፊት አያስቆምም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጊዜ፣ ጣቢያዎችን እንድቆጣጠር እብናት ተላክሁ። አንዱ የገበሬ ማኅበር አዳራሽ ውስጥ ስገባ ሰሌዳው አጠገብ የቆመችው ትርንጎ ናት። ልጅ አዝላለች። ሃያ የሚሆኑ ገበሬዎችና ሚስቶቻቸው ግንድ ላይ ተቀምጠው ፊደል ይቆጥራሉ። አየችኝና ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠችኝ፤ ማስተማሯን ግን አላቆመችም። እኔ የመጨረሻው ግንድ ላይ ተቀምጬ የመቆጣጠሪያ ቅጼን አወጣሁ።

አያ ታከለ የሚባሉ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ይኸ ኅብረተሰብአዊነት የሚሉት ምን ማለት ነው?»

ትርንጎ፣ «እኔም በደንብ አላውቀውም፣ አያ። ጠይቄ ለሚመጣው ሳምንት እነግርዎታለሁ» አለች። ማንም አልሳቀባትም። ወደ እኔ አየት አድርጋ፣ «ተቆጣጣሪው ያውቁት ይሆናል» አለች። ተነሥቼ ከጋዜጣ የሸመደድኩትን አምስት ደቂቃ ያህል ደሰኮርኩ። አያ ታከለ በትሕትና «አሃ» አሉኝና ወደ እሷ ዞረው፣ «ግድ የለም፣ አንቺ ጠይቀሽ ንገሪኝ» አሏት።

ሰዎቹ ሲበተኑ ውጭ ጠበቅኋት። እናቷን ጠየቅኋት፤ «ዐረፈች» አለችኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፦ ልዩነቱን የፈጠርኩት እንደሆነ፣ ማርኩ የእሷ እንደነበረ፣ ዝርዝሩ ሳይሄድ እንዳወቅሁ፣ ለአባቷ የዋሸሁትን፣ ስብሰባ ላይ ያልኩትን። መሬት መሬቱን እያየሁ ነው የተናገርኩት።

«ልክ እንደነበርኩ አውቃለሁ» አለች። «ከፈተናው በፊት መዝገበ ቃላቱን አይቼው ነበር።»

«ታዲያ ስታውቂ ለምን እኔ ያልኩትን አልጻፍሽም? እንደማርም ታውቂ ነበር እኮ።»

የልጇን ማዘያ አጠበቀች። «ጥያቄውን ፈተና ላይ ሳየው፣ እርስዎም መዝገበ ቃላቱን አይተው ሊያስተካክሉልን ነው ያወጡት ብዬ ነው። ትክክሉን ብጽፍ ደስ የሚልዎት መስሎኝ ነበር» አለች።

ልጁ አለቀሰባትና ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት አስተማርኩ። ያላወቅሁትን ሲጠይቁኝ «አላውቀውም፤ አይቼ ነገ እመጣለሁ» እል ነበር፤ በዚህ የቀነሰብኝ ክብር የለም። ለእናንተ ለወጣት መምህራን የምለው አጭር ነው። ቀይ እስክሪብቶ ከማንሣታችሁ በፊት መዝገበ ቃላቱን ክፈቱ። ከተሳሳታችሁም ዝርዝሩ ሳይሄድ አስተካክሉ። እኔ ካፈርኩ ይኸው ስንት ዓመቴ፤ ማፈሬ ለትርንጎ ሁለቱን ማርክ አልመለሰላትም።