የሊፍቱ ሰውዬ ቀኝ እጅ

የሆስፒታሉ ሊፍት ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቁልፍ የሚጫነው ሰውዬ ቀኝ እጁን ከኮቱ ኪስ አያወጣም።

«አባባ፣ ቀኝ እጅዎ ምን ሆኖ ነው?» አለችው አንዷ ነርስ።

«ጡረታ ወጥቶ።»

ነርሷ ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም።

ሚስቱ አምስተኛ ፎቅ አራት ወር ተኝታ ነበር። ካረፈች በኋላም ቀኝ እጁ ማንም ሳያዘው አምስትን ይጫናል። በሩ ይከፈታል፣ የሚወርድ የለም። አለቃው፣ «ሁለተኛ እንዲህ ካደረጉ ሊፍቱን ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው» አለው። በዚህ ዕድሜው ሌላ ሥራ ከየት ይመጣል? ስለዚህ በግራው ይሠራል፤ ግራው ገና አልለመደም።

ዛሬ አንዲት ሴት ምሳ ዕቃ ይዛ ገባች።

«አምስተኛ» አለችው።

ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ተላወሰ። ግራው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየዳበሰ፣ አምስትን እንደማያውቀው ሰው ቤት ፈልጎ አገኘው።