በኩበት እሳት የሞቀ ሞተር

ጠረጴዛዬ ላይ እስክሪብቶ የማስቀምጥበት የብረት ቱቦ አለ። ቁመቱ ስንዝር ያህላል፤ ውጩ ጠቁሯል፣ ውስጡ ግን ጣት ያንሸራትታል። ከአፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ጥፍር የምትይዝ ቀጭን ጠርዝ አለችው፤ ፒስተን ለዓመታት ሲመላለስ የበላው ምልክት ናት። እቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ የምንና የማን እንደሆነ ይጠይቀኛል። "የአባቴ ነው" እል ነበር። ውሸት አይደለም፣ ሙሉ እውነትም አይደለም።

ያደግሁት ወረታ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያዩበት ቦታ አጠገብ ነው። ዘመኑ ሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። አባቴ ታከለ መካኒክ ስለነበረ ቤታችን ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ እኔም ያን ሽታ ከሽቶ አስበልጬ እወደው ነበር። ድሮ ጎንደር አንድ ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ የሞተር ብሎክ፣ የፒስተኖቹን ቀዳዳዎች የያዘውን ወፍራም ብረት፣ በእንጨት እሳት ሲያሞቅ እጁ ላይ ተሰነጠቀበትና ተባረረ። ወረታ ከመጣ ወዲህ የጭነት መኪና ጎማና ባሌስትራ ይጠግናል እንጂ ሞተር ከፍቶ አያውቅም።

አንድ ዓመት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ጣሪያ የሌላት ባለሁለት ወንበር ቀይ መኪና ሰማያዊ ጭስ እየተፋች መጥታ ደጃችን ቆመች። እንዲህ ያለ መኪና አይተን ስለማናውቅ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከበባት። ባለቤቷ ጎንደር የሚሠራ ወጣት ሐኪም ነበር። ሲሊንደሮቿን ቀደም ሲል አስመራ አስቦርቡሮ አስፍቶ፣ ላይነር የሚባለውን ፒስተኑ የሚመላለስበትን ቱቦ አስገብቶባቸዋል። አሁን አራቱም ቱቦዎች ስላለቁ በአዲስ መለወጥ ነበረባቸው። አዲሶቹን ከአስመራ አስመጣ። "ብሎኩ ግን ቢሰበር ሌላ አላገኝም። ትችላለህ?" አለው። አባቴ አፉ ቀደመውና "እችላለሁ" አለ።

ማታ እናቴን ሲያወራት ሰማሁ። "ይኼንን ከሰነጠቅሁ መፍቻ በእጄ አልነካም። በሬ እንዲያዘጋጅልኝ ለወንድሜ ልኬበታለሁ።" እርሻ እንደማይወድ አውቃለሁ።

እኔ ደግሞ ካልጠየቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። አዲሱ ቱቦ ከቀዳዳው በጥቂት ይሰፋል፤ ታዲያ እንዴት ይገባል? "አንቺ ልጅ፣ አፍሽ አይደክምም?" ይለኝና ያስረዳኛል። ብረት ሲሞቀው ይፍታታል፣ ሲበርደው ይኮማተራል። ብሎኩን አሙቆ፣ ቱቦውን አቀዝቅዞ ጣል ማድረግ ነው። ችግሩ እሳቱ በአንድ ወገን ከቀደመ ብሎኩ ይሰነጠቃል።

"ታዲያ ሸክላ ሠሪዋ ጥሩወርቅ ሃያ ማሰሮ ባንዴ ስታቃጥል ለምን አንዱም አይሰነጠቅባትም?" አልሁ።

እናቴ ዐይኗን አፈጠጠችብኝ። ሁሉም ሰው ከጥሩወርቅ ማሰሮ ይገዛል፤ ቤቷ ገብቶ እህል የሚቀምስ ግን የለም። ዐይኗን እንኳ እንዳናይ ተከልክለን ነበር። እኔ ግን ተደብቄ በአጥሯ ቀዳዳ ስመለከት እውል ነበር። እናቴ ይህን ያኔ አወቀች። አባቴ ግን መፍቻውን መሬት አስቀመጠና አየኝ።

በማግሥቱ ማለዳ፣ የጣና ነፋስ ሳይነሳ፣ ብሎኩን በጆንያ ሸፍኖ በአህያ ጭኖ ወሰደው። እኔም ተከተልሁ። ጥሩወርቅ ብሎኩን ዞራ ዞራ አየችው፤ ማሰሮዋን እንደምትፈትነው በጣቷ አንኳኩታ አዳመጠችው።

"አፈሩ ምንድር ነው?" አለች።

"ብረት ነው፣ እትዬ።"

"ብረትም ቢሆን ከአፈር ነው የወጣ። እንጨት እንዳያቀርቡበት፣ አያ ታከለ፤ እንጨት ችኩል ነው። የፎገራ ላም ኩበት ይበቃዋል።"

ብሎኩን ገል ላይ አስቀመጠችው፤ ዙሪያውንም በገል ከለለችው። ኩበቱን ክንድ ያህል አርቃ ክብ አድርጋ ለኮሰችና እየነደደ ሲሄድ በጥቂት በጥቂቱ ታስጠጋው ጀመር። ቱቦዎቹ ጥላ ሥር፣ እንስራዋ ውሃ ውስጥ ይቀዘቅዛሉ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ብሎኩ ላይ ቆንጠር አድርጋ የገብስ ዱቄት ጣለች። ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሁለተኛ ስትጥል ቢጫ ሆነ። አባቴ "አሁን!" ብሎ ተነሳ።

"ይቆዩ። ጎንደርም የሰነጠቁት እንዲህ ቸኩለው ነው?"

ወሬው እሷም ዘንድ ደርሶ ኖሯል፤ አባቴ ተመልሶ ቁጭ አለ። ሦስተኛው ዱቄት ጠየመና በሶ በሶ ሸተተ። "አሁን ያስገቡት" አለች። አባቴ እጁን በጆንያ ጠቅልሎ አንዱን ቱቦ ጣል አደረገው። መዶሻ ሳይነካው በገዛ ክብደቱ ወርዶ ቋ ብሎ ተቀመጠ። አራቱም እንዲሁ ገቡ። እሷም ብሎኩን አመድ አልብሳ እስኪመሽ እንዳንነካው አዘዘችን።

ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቅ ይሆን እያልን ጆሯችንን ቀስረን ዋልን። ንፍሮ ሽምብራ አቀረበችልን። እኔ ሳላስብ ዘገንሁ። አባቴ አየኝ፤ ከዚያ እሱም ዘገነ። ሲመሽ አመዱን ገለጥነው፤ ብሎኩ ደህና ነበር።

መኪናዋ የተነሳችው በገበያ ቀን ነው። ጭሷ ጠፍቶ ድምጿ ሲሰማ ሕዝቡ እልል አለ። ሐኪሙ አባቴን አቅፎ "እንዲህ ያለ ሙያ ማን አስተማረህ?" አለው። ጥሩወርቅ እንስራ ተሸክማ ከሕዝቡ መሃል ቆማ ነበር። አባቴ አያት። ከዚያም እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ራሴው ነኝ" አለ።

እሷ የእንስራዋን ማንገቻ አስተካከለችና መንገዷን ቀጠለች። ያ የማይደክመው አፌ ያን ቀን ዝም አለ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከዚያ ወዲህ የአባቴ ስም ከጎንደር እስከ ባሕር ዳር ተሰማ። በጆንያ የተሸፈነ ብሎክ ጎህ ሲቀድ በአህያ ወደ ጥሩወርቅ ግቢ እንደሚሄድ የምናውቅ እኛ ብቻ ነበርን። የቀይዋን መኪና አሮጌ አራት ቱቦዎች አባቴ ሰጥቷት ነበር። ሦስቱን ጉልቻ አደረገቻቸው፤ አራተኛውን "ጠያቂዋ፣ ላንቺ ነው" ብላ ለኔ ሰጠችኝ።

አባቴም እሷም ካረፉ ቆይተዋል። ሜዳው ዛሬ ሩዝ ለብሷል፤ መንገዱን ባጃጅ ሞልቶታል። የወንድሜ ልጅ ጋራዥ ሲሊንደር የሚያስቦረቡረው ባሕር ዳር ልኮ በማሽን ነው፤ በሩ ላይ የአባቴ ስም በትልቁ ተጽፏል። ባለፈው ትንሿን ልጁን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ልጅቷ ቱቦውን አንስታ ጣቷን ከተተችና "የማን ነው?" አለችኝ።

"የእትዬ ጥሩወርቅ ነው" አልኋት።

"እሳቸው ማን ናቸው?"

አባቷ ደነገጠና አየኝ፤ የጥሩወርቅን ስም ሰምቶ አያውቅም። ወንበር ሳብሁላትና "ነይ፣ ቁጭ በይ" አልኋት።