የአባቴ ዝምታ

እናቴ በታመመችባቸው ስድስት ቀናት የሰውነቷን ሙቀት በቀን አራት ጊዜ እየለካሁ በደብተር አስፍሬአለሁ። ስለ አባቴ በየቀኑ የጻፍኩት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ደኅና»። ደብተሩን እስካሁን አልጣልኩትም።

የኮሮና ወረርሽኝ በሐረር የጁገል ግንብ ውስጥ ወዳለው ቤታችን የገባው በሁለተኛው ዓመት ሲሆን፣ ወላጆቼን በአንድ ሳምንት አሳመማቸው። የእናቴ ሕመም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግልጽ ነበር። ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣታል፣ መገጣጠሚያዎቿን ይቆረጥማታል፣ ታቃስታለች፣ አላህን ትለምናለች። የምትሞትብኝ መስሎኝ ከአጠገቧ አልለይም ነበር።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሳል እንደያዛቸው ባይክዱም ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ የመቃም ልማዳቸውን አልተዉም፤ እንዲያውም ከሶፊ ገጠር የሚመጣው ለጋ ጫት ደረታቸውን እንደሚጠርግላቸው ይናገሩ ነበር። አሚር ነደባ በሚባለው የአባወራ መደብ ላይ ትራስ ተደግፈው ይቀመጣሉ። የቃመ ሰው እንዴት እንደሚሆን በሐረር የማያውቅ የለም። መጀመሪያ ይጫወታል፤ ምርቃናው ሲይዘው ዝም ይላል፣ ምግብ አይሻም፣ እንቅልፍም ይርቀዋል። እንዲህ ያለውን ሰው በጥያቄ ማወክ ነውር ነው። በዚህ ሥርዓት በማደጌ፣ አባቴ በሦስተኛው ቀን ምሳቸውን ሳይነኩ ሲመልሱ፣ በአራተኛው ቀን ንግግራቸው ሲያጥር፣ አላወክኋቸውም።

በዚያው በሦስተኛው ቀን በእናቴ ማቃሰት ቀልደው ነበር።

«ያንቺን ትኩሳት እኮ ፈረስ መጋላ ድረስ ሰምተውታል» አሏት።

«አንተ ደግሞ ሲያምህም ምስጢር ነው» አለች ከብርድ ልብሷ ሥር።

ሦስታችንም ሳቅን። የእሳቸውን ሳቅ ሳል እንዳቋረጠው አስታውሳለሁ፤ ያኔ ግን ለእናቴ ውሃ ልቀዳ ተነሥቼ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ጧት የእናቴ ትኩሳት ስለባሰ ወደ ሆስፒታል ልወስዳት ወሰንኩ። አብረውን ይሄዱ እንደሆነ አባቴን ስጠይቃቸው ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ፤ በእጃቸውም ወደ በሩ አመለከቱኝ። «የትናንቱ ምርቃና አልለቀቃቸውም» አልኳት እናቴን። በጠባቡ መንገድ እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ ደግፌ አድርሻት ባጃጅ ያዝን።

ሐኪሟ እናቴን መርምራ፣ ትኩሳቱ ከባድ ቢሆንም ሳንባዋ እንደማያሰጋ ነገረችን። ከዚያም ሌላ የታመመ ሰው ቤት ውስጥ እንዳለ ጠየቀች። ስለ አባቴ ስነግራት መጻፏን አቆመች።

«በአንድ ትንፋሽ ስንት ቃል ይናገራሉ?»

 ከዋዜማው ጀምሮ ከአፋቸው አንድም ቃል አልሰማሁም ነበር።

እናቴን እዚያው ትቼ ወደ ቤት ሮጥኩ። አባቴ በመደባቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ትከሻቸው በየትንፋሹ ይነሣል። ከትራሳቸው ጎን ሁለት የጫት እስር ነበር፤ ያለፉት የሁለት ቀናት ጫት፣ ሳይፈታ እንደታሰረ ጠውልጓል። ያከበርኩት ዝምታ ምርቃና አልነበረም።

ከጎረቤቶች ጋር በቃሬዛ አወጣናቸው። ኦክስጅንም መድኃኒትም ተሰጣቸው፤ ሆስፒታል በገቡ በሦስተኛው ቀን ሞቱ። በጀናዛቸው ላይ የቆምነው ጥቂት ሰዎች ነበርን።

በኋላ ሐኪሟን፣ ያቃሰተችው ድና ዝም ያሉት ለምን እንደሞቱ ጠየቅኋት። የሴት ሰውነት ቫይረስ ሲገባበት አብዛኛውን ጊዜ ፈጥኖና በርትቶ እንደሚነሣ፣ በወንዶች ላይ ግን መከላከሉ ብዙ ጊዜ እንደሚዘገይ፣ ዘግይቶ ሲነሣም የታማሚውን የራሱን ሳንባ እስከ ማቃጠል ሊደርስ እንደሚችል አስረዳችኝ። ያንን ቃጠሎ የሚያበርደው መድኃኒት ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው፤ ካለፈ እምብዛም አይረዳም። «ይህ በብዙ ሰው ላይ የታየ ነው፤ ዕድሜም ሌላም ነገር አለበት። በአባትህ ላይ የሆነው ይኸው ነው ብዬ ልምልልህ አልችልም» አለች። እንድትምልልኝ እፈልግ ነበር። ብትምልልኝ ጥፋቱን ከእኔ ላይ አንሥቼ የማኖርበት ቦታ አገኝ ነበር።

ከወራት በኋላ እናቴና እኔ በአንድ ቀን ክትባት ተወጋን። እኔ ክንዴን ጥቂት አመመኝ፤ እሷን ሁለት ቀን ሙሉ ትኩሳት ጣላት። ከበሽታው የቀረው የጉልበቷ ቁርጥማትም እስከዛሬ አልለቀቃትም።

በዚህ ዓመት ጉንፋን ይዞኝ፣ ከቃምኩ በኋላ ከታችኛው መደብ ላይ ጋደም ብዬ ዝም አልኩ። እናቴ ግድግዳውን እየተደገፈች መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። መጀመሪያ ያየችው ፊቴን አልነበረም፤ የጫቱን እስር አንሥታ መፈታቱን አረጋገጠች።

«ፋቲሓን በአንድ ትንፋሽ ቅራልኝ» አለች።

ያንን የቁርኣን መክፈቻ ምዕራፍ በአባቴ መቃብር ላይ ከቀራሁት ወዲህ በእሷ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀርቼው አላውቅም። ቀራሁላት። ስጨርስ አልተነሣችም፤ ዓይኗን ከደረቴ ላይ ሳታነሣ «እንደገና» አለች።