በቁመት የተደረደሩት ድስቶች

ከመካነ ሰላም ገበያ ተነስቶ እስከ ከላላ መውጫ ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች ቢቆጠሩ፣ የእኔ እጅ ያልነካው በር ያላቸው ጥቂት ናቸው። አናጺነትን ያስተማረኝ ሰው የለም። በጎረምሳነቴ አንድ ወልጋዳ አልጋ ፈትቼ፣ እንጨቶቹን መሬት ላይ ዘርግቼ ሁለት ቀን ሳያቸው ዋልኩና መልሼ ገጠምኩት። ሲገጠም ከበፊቱ ጠነከረ። ፊደልም የለየሁት ስኳርና ጨው ከሚጠቀለልበት ወረቀት ላይ ነው፤ ማንበብ የሚችል ሰው ባገኘሁ ቁጥር ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ “ይቺ ምን ትላለች?” እያልኩ። ዛሬ የማኅበራችንን መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። የሰፈሩን ሰው ማመልከቻ የምጽፈውም እኔው ነኝ። ይህን የምለው ልመካ ብዬ ነው፤ የሚመካበት ያለው ሰው ለምን ይደብቃል?

አሁን የማወጋው ግን የበር ነገር አይደለም። በዚህ በነቢያት ጾም የልጄ ልጅ ሀብታሙ ከደሴ ደወለ።

“አባባ፣ እማማ አለች?”

“ምን ልትላት ነው?”

“የወጥ ነገር ልጠይቃት ነበር።”

“እኔን ጠይቀኝ” አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሲቆይ ነገሩን አስረዳኝ። ሚስቱ ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄዳለች፤ የማኅበር ተራቸው ደግሞ በሚመጣው ሳምንት ነው። ከሆቴል ይዘዝ ወይስ ተራውን ለሌላ ሰው ያስተላልፍ፣ ጨንቆታል።

“የጾም ድስታችሁ የቱ ነው?” አልኩት።

“ድስት ድስት ነው እኮ፣ አባባ።”

ይህን ሲለኝ ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ። ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት እኔም ልክ እንደዚሁ ብዬ ነበርና።

ያኔ ከባለቤቴ ከየሺመቤት ጋር ከተጋባን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። የሀብታሙ እናት ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። አማቴ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነበሩ፤ ሲሞቱ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ማኅበሩ ቦታቸውን ለእኔ ሰጠ። የሺ በዚህ እጅግ ደስ ብሏት ነበር። አባቷ ሲቀመጡበት የነበረው ቦታ ባዶ አልቀረም ማለት ነው። የመጀመሪያው ተራዬ ታኅሣሥ ሚካኤል ላይ ወደቀ፤ በጾም ውስጥ።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል የሺ ማለዳ ምንጭ ወርዳ አመዳይ የጋገረበት ድንጋይ አንሸራተታት። እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃ አስሮ ለአርባ ቀን መሬት እንዳትረግጥ አዘዘ፤ አጥንቷ እንዲጠናም ቅቤ የጠገበ ገንፎ ትብላ አለ። የንስሐ አባታችን መምሬ እሸቴ መጥተው አዩዋት፣ ታማሚ ነሽ ብለውም ከጾሙ ፈቀዱላት። እሷ ግን ለእግሯም ለጾሙም አልነበረም ሐሳቧ።

“ተራውን ለአንዱ እናስተላልፈው፣ ደምሌ” አለችኝ። “ሰው ይረዳናል።”

“እኔ የት ሄጄ?”

“አንተ ወጥ ሠርተህ ታውቃለህ?”

“አልጋስ ሠርቼ አውቅ ነበር?” አልኳት።

በዚያ ዘመን ወንድ ማድ ቤት መግባቱ ራሱ ወሬ ነው። እኔ ገባሁ። ልጄን አዝዬ ገንፎ አገነፋሁ፤ ውኃ ቀዳሁ፤ የሺ ከመደቧ ላይ ሆና እየነገረችኝ ጠላ ጠነሰስኩ። በአጥራችን ሥር የሚያልፈው ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያየኝ ነበር። አንዱ “ደምሌ፣ መቼ ነው የምትወልጂው?” አለኝ። “አንተ በር ስታሠራ ትመጣለህ” አልኩት። እንዳልኩትም ከሁለት ዓመት በኋላ መጣ፤ በሩን አሳምሬ ሠራሁለት። እንጀራውን የጋገረችው ግን የየሺ አክስት ናት። ያልሠራሁትን ሠራሁ አልልም።

ማድ ቤታችን ከዋናው ቤት ኋላ፣ ጥላሸት የጠጣች ትንሽ ጎጆ ነበረች። ገብቼ ሳያት አልወደድኳትም። ገሚሱ ድስት በግድግዳው በዚህ በኩል ተደፍቷል፣ ገሚሱ በዚያ በኩል፤ ትልቁ ከትንሹ ጋር ተደባልቋል። ለእኔ ዓይን ሥርዓት የለውም። ስለዚህ ለማኅበሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከጥድ ጣውላ ባለ ሁለት እርከን መደርደሪያ ሠራሁ። ድስቶቹን ሁሉ በአመድና በገለባ ፈተግኋቸው፤ ከትንሹ እስከ ትልቁ በቁመታቸው ደረደርኳቸው። ስጨርስ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ አየሁት። እንዲህ ያለ ማድ ቤት በመካነ ሰላም አልነበረም፤ በአቀስታም መኖሩን እጠራጠራለሁ። ለየሺ አልነገርኳትም። ድና ስትነሳ አይታ እንድትደነቅ ነው።

የማኅበሩ ዕለት ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጥ ነበር። ከየአውድማው የገብስ ገለባ ሽታ ይመጣል። ማኅበርተኞቹ በዘጠኝ ሰዓት ከቅዳሴ ወጥተው ወደ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። እኔም ልጄን አዝዬ ከማለዳው ጀምሮ እሳት አነደድኩ፤ ከመደርደሪያው ትልቁን ድስት አውርጄ ጣድኩ። ሽንኩርቱን አቁላላሁ፣ የኑግ ዘይት ጨመርኩ፣ በርበሬውን አሸሁ፣ የአተሩን ክክ ለቀቅኩበት። ሽታው መንደሩን ያውድ ጀመር። አንድ ነገር ብቻ ቸገረኝ፤ እየጾምኩ ስለሆነ የራሴን ወጥ መቅመስ አልችልም። የሺ ግን ተፈቅዶላታል። በማማሰያው ጫፍ ጥቂት ይዤ ሄጄ መዳፏ ላይ ጠብ አደረግሁላት።

ቀመሰችው። ዓይኗን ጨፈነች። በጣዕሙ ተደንቃ መሰለኝ።

“ደምሌ፣ በየትኛው ድስት ነው የሠራኸው?”

“በትልቁ።”

“አፉ ሸረፍ ባለው ነው?”

“አይ፣ ሙሉ ነው። ጥሩው ድስት።”

“ቅቤ ቅቤ ይላል” አለች።

ያኔ ነው የገባኝ። በእኛ ቤት የጾም ድስትና የፍስክ ድስት ለየብቻ ነው፤ ይህን ልጅም ያውቀዋል፣ እኔም አውቃለሁ። ግድግዳው ዳርና ዳር የነበሩት ለዚህ ኖሯል። እኔ በቁመት ስደረድራቸው አደባለቅኳቸው። ሸክላ ደግሞ ቅቤ ይጠጣል፤ በአመድ ቢታጠብ ላዩ እንጂ ሆዱ አይጸዳም። እሳት ሲነካው የዓመቱን ቅቤ ተፋው። እውነት ለመናገር፣ እያማሰልኩ ሳለ ለእኔም ሸቶኝ ነበር። የገንፎው ቅቤ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ሰዓቱ ከሰባት አልፏል። ዐሥራ ሁለት ማኅበርተኛና አንድ ቄስ ይመጣሉ፤ ሌላ ትልቅ ድስት ያለው አፉ የተሸረፈው ነው። ሄጄ ሳነሳው ታቹ ላይ ስንጥቅ አገኘሁ። ስፈትገው ሳልሰነጥቀው አልቀርም።

ተመልሼ ከመደቡ አጠገብ ቆምኩ። “ዘይቱ ብዙ ነው፣ ይሸፍነዋል” አልኳት። “ማንም አያውቅም።”

የሺ አልተቆጣችም። ነጠላዋን ወደ አገጯ ሳብ አደረገች። “አባቴ በታመመ ጊዜ እንኳ ይህን ጾም ሳይፈታ ነው የሞተው” አለች። “ዛሬ በእሱ ቦታ የሚቀመጠው አንተ ነህ። እኔ እዚህ ተኝቼ ድምፃቸውን እሰማለሁ። መምሬ ባርከው ሲቆርሱ፣ የማኅበሩ ሙሴ አያ ተገኘ ሲጎርሱ እሰማለሁ። ማንም አያውቅም ትላለህ፤ እኔስ?”

 ወጣሁ። 

በአጥራችን ማዶ እትዬ ዘይነባ ትኖራለች። ልጇን ለመዳር እየተሰናዳች ነበርና፣ ባለፈው ገበያ ሦስት አዳዲስ ድስት ስትሸከም አይቻለሁ። ልጄን እንዳዘልኩ ሄድኩ።

“እትዬ ዘይነባ፣ ውርደት ሊወርድብኝ ነው” አልኳት፤ ሁሉንም ነገርኳት።

አፏን በሻሿ ይዛ ሳቀች። ሳቋ ሲበርድ “አብሽር” አለችኝ። “እሳት ያልነካው አለ። ግን ሳይሟሽ ይፈነዳብሃል። ቆይ መጣሁ።”

“የሙሽራዋን ድስት?”

“ሙሽራዋ ገና ጥር ነው። እናንተ ግን ከቀትር በኋላ ናችሁ።”

ድስቱን ይዛ መጣች። በጎመን ዘር አሸችው፣ ቀስ ባለ እሳት አሟሸችው፤ እኔ በጎን ሽንኩርት ስከትፍ፣ ልጄ ጀርባዬ ላይ ተኝታለች። ዘይነባ ዞር ብላ መደርደሪያዬን አየችና “ያረቢ፣ ይህን ማን ሠራው?” አለች። በዚያ ጭንቅ መሃል እንኳ ደስ አለኝ።

“እኔ ነኝ።”

“ሸጋ ነው። ድስቶቹን ግን እንደ ወታደር በቁመት ያሰለፋቸው ምን ያለ ሰው ነው?”

“እሱም እኔ ነኝ” አልኳት።

“ይሄኛውን ወጥ ምን ልታደርገው ነው?” ብላ ቅቤ የሸተተውን አሳየችኝ።

“ልደፋው።”

“ወላሂ አትደፋውም። ጾሙ የእናንተ ነው እንጂ የእኛ አይደል። ስጋ የለበት፣ ምን የለበት።” ድስቱን ከነወጡ አንስታ በአጥሩ ቀዳዳ አሻግራ ለልጆቿ ሰጠች። ሲሻሙ ድምፃቸው ይሰማ ነበር። የመጀመሪያው የማኅበር ወጤ የተመሰገነው በዚያ ቤት ነው።

ማኅበርተኞቹ ሲመጡ አዲሱ ወጥ ገና መንተክተኩ ነው። መምሬ እሸቴ ጸሎት አደረሱ፤ ድፎውን ባርከው ቆረሱ፤ ጠላው ዞረ። ከዚያ ሁሉም በሩን በሩን ያይ ጀመር። ሙሴያችን አያ ተገኘ፣ የማኅበሩ መሪ ማለት ነው፣ ቀልደኛ ሽማግሌ ነበሩ። “ደምሌ፣ አተሩን አሁን ነው እንዴ የዘራኸው?” አሉኝ።

በምላሴ ላይ አንድ ውሸት ተዘጋጅታ ነበር፤ ድስቱ ተሰበረ ልል። ከመጋረጃው ወዲያ ግን የሺ ትሰማለች። 

“አባቶቼ” አልኩ፣ “ወጡ የዘገየው በእኔ ጥፋት ነው። ድስቶቹን በቁመት ደርድሬ የጾሙን ከፍስኩ አደባለቅኩ። የመጀመሪያው ቅቤ ነካው። ባለቤቴ ለይታ ነገረችኝ፤ ለጎረቤት ሰጥቼው ሌላ ጣድኩ።”

 መምሬ ጠላቸውን አስቀመጡ። “ቅቤ መንካቱን አንተ ባትነግረን ኖሮ ማን ይነግረን ነበር?”

“ማንም አይነግራችሁም ነበር፣ አባቴ።”

“እንግዲያው እንጠብቃለን” አሉ፤ ጠላቸውን መልሰው አነሱ።

አያ ተገኘ ግን አልለቀቁኝም። “እኔ ደግሞ የምፈራው ለበሮቻችን ነው” አሉ። “አንድ ቀን መጥቶ እነሱንም በቁመት ይደረድርልናል።” ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ከመጋረጃው ወዲያም ሳቅ ሰማሁ። እግሯ ከተሰበረ ጀምሮ የሺ ስትስቅ ያ የመጀመሪያዋ ነው።

ወጡ ሲቀርብ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። አተሩ ትንሽ ጥርስ ይፈትን እንደነበር አልክድም፤ ነገር ግን ሁለተኛ ያልጠየቀ አልነበረም። ዘይነባም ከየሺ አጠገብ ተቀምጣ በላች፤ የጾም ወጥ ለሁላችን ይሆናል። ጽዋው ወደ ተረኛው ሲተላለፍ አያ ተገኘ ወደ መጋረጃው ዞረው “የሺመቤት፣ የአባትሽ ቦታ ሰው ተቀምጦበታል” አሉ። እሷ ምን እንዳለች አልሰማሁም። ማታ ገንፎዋን ሳቀርብላት ግን ፊቷ በርቶ ነበር።

ይህን ሁሉ ለሀብታሙ በስልክ ስነግረው የሺ ከጎኔ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ትሰማለች። አሁን ድስቶቻችን የብረት ናቸው፤ ቅቤ አይጠጡም። መደርደሪያው ግን ያው ነው፤ ከአሮጌው ማድ ቤት ነቅዬ አምጥቼ አዲሱ ወጥ ቤት ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። የእምነት ነገር ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ከጉልቻው ሥር የሚጠብቀው ሰው እንዳለ ያወቅኩት በዚያ ዕለት ነው። ሀብታሙ ተራውን አላስተላለፈም። “እማማ ትምጣልኝ” ቢልም፣ አተሩን አስቀድሞ እንዲዘፈዝፍ የነገርኩት እኔ ነኝ።

“ሁሉንም ነገርከው?” አለችኝ የሺ ስልኩን ስዘጋ።

“ሁሉንም።”

“የተሰነጠቀውንም?”

“እሱን ረሳሁት” አልኳት። ለቀማዋን ቀጠለች።

እንግዲህ በዚያ አንድ ሳምንት የሠራሁት ይህ ነው። ጠላ ጠንስሻለሁ፤ ሰው ጠጥቶት ደህና አድሯል። ልጅ አዝያለሁ። በአንድ ቀን ሁለት ትልልቅ ድስት ወጥ ሠርቻለሁ፤ አንዱ ለክርስቲያን፣ አንዱ ለእስላም። አንድ የጾም ድስት ሰንጥቄያለሁ። ለእትዬ ዘይነባ ልጅ ሠርግ፣ በድስቷ ፈንታ፣ ባለ ሦስት እርከን መደርደሪያ ሠርቼ በትከሻዬ አድርሻለሁ። የእኛን መደርደሪያ ደግሞ መሃሉ ላይ ጣውላ መትቼ ለሁለት ከፍዬዋለሁ፤ በግራ የፍስክ፣ በቀኝ የጾም። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ከቀኝ ያነሳሁትን በግራ አስቀምጬ አላውቅም።