ሟቹና የእናቱ መሐላ

ጠዋት ጠዋት «ሟቹ፣ እንዴት አደርክ?» የሚባል አንድ ሰው ነበር። እሱም ባልዲውን እንዳንጠለጠለ «ይመስገን፣ ዛሬም ሳልቀበር አደርኩ» ብሎ ያልፋል። እንግዳ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ የሰፈሩ ሰው ግን ለምዶታል። ሥራው ግድግዳ መለሰን ነው፤ እሱ የለሰነው ግድግዳ ውሃ ልክ ቢያስጠጉበት የሚያሳፍር አይደለም። ሟቹ ያሰኘው ሌላኛው ሥራው ነው። በእረፍት ቀኑ ፊልም ላይ ይሞታል።

ፊልም ሲባል ታዲያ ትልቅ አዳራሽ፣ ቀይ ምንጣፍ የሚታየው ካለ ይተወው። እነዚህ በሠርግ ካሜራ የሚቀረጹ፣ ፈቃድም ማስታወቂያም የሌላቸው፣ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉ፣ በየቪዲዮ ቤቱ ከብርድ ልብስ መጋረጃ ጀርባ የሚታዩ የጭራቅና የደም ፊልሞች ናቸው። ደሙ ከስኳር ጋር የተቀቀለ ቀይ ሥር ነው። አንጀቱ ውሃ ውስጥ የከረመ ጨርቅ ነው። አንዱ ፊልም ላይ ሰው የሚበላ ቁም ሣጥን አለ፤ ቁም ሣጥኑ ከዳይሬክተሩ ሚስት መኝታ ቤት የመጣ ስለሆነ፣ ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ ልብሷ አልጋ ላይ ተቆልሎ ከረመ። ይህን ሰምቶ ከንፈሩን የሚመጥ ሰው አይጠፋም። ይምጠጥ። ሟቹ ሲሞት ያላየ ሰው ገና ምንም አላየም።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ዳይሬክተሩ የሠርግ ቀራጭ ነው፤ ምሳ ላይ ሳይቀር «ካት!» ስለሚል ስሙ ካት ሆኖ ቀረ። ይህ ካት አንድ ቀን ተዋናዮቹን አስከትሎ ለሳኙ ይሠራበት ወደነበረው ያላለቀ ሕንፃ መጣ። መስኮት አልባ ክፍልና ጨለማ ኮሪደር በነጻ ከዚያ በላይ ከየት ይገኛል? በመጥረቢያ ተመትቶ የሚሞተው ተዋናይ ግን መሞት አቃተው። አንዴ ይስቃል፣ አንዴ አፍንጫውን ይበላዋል፣ አንዴ ደግሞ ጉንዳን ወጣብኝ ብሎ ብድግ ይላል። ለሳኙ መሰላሉ ላይ ሆኖ ሲያይ ቆይቶ አላስችል አለው።

«ወንድሜ፣ እየሞትክ ነው ወይስ እየታከክ?» አለ።

ሁሉም ሳቁ። ካት ግን ደሙ ፈልቶ ነበር። «አንተ ታውቅበታለህ? እስቲ ውረድና ሙታ!»

ወረደ። ሲሚንቶ የነካ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና መሬት ላይ ተኛ። ሜካፑንም ደሙንም የምትሠራው የሰፈሩ ፀጉር ሠሪ ግንባሩ ላይ ቀይ ሥሯን አፈሰሰችበት። ከዚያ በኋላ የሆነውን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ያወሩታል፤ ነገሩ ግን አንድ ነው፤ ሰውየው ሞተ። ዓይኑ እንደተከፈተ ቀረ። ዝንብ መጥታ ጉንጩ ላይ ዐረፈች፣ ቀስ ብላ ወደ ዓይኑ ጠርዝ ሄደች፣ ሽፋሽፍቱ እንኳ አልተነቃነቀም። እዚያ ፊት ውስጥ የነበረው ሰው ቤቱን ክፍት ትቶ የወጣ ይመስል ነበር። ካት «ካት» ማለቱን ረሳ። ቅድም ሲስቅ የነበረው ተዋናይ ኮፍያውን አወለቀ። በመጨረሻ ያልቻለችው ፀጉር ሠሪዋ ናት፤ ተንበርክካ ሁለት ጣቷን አንገቱ ላይ አስቀመጠች።

«አለሁ» አላት፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

ጩኸቷ ሕንፃውን አናጋው። ካት ያንን ጩኸት ቀርጾት ኖሮ ፊልሙ ውስጥ አስገባው።

ከዚያ ወዲያ ሟቹ ያልሞተበት ፊልም የለም። ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሞቷል፣ ተመርዞ ሞቷል፣ ቁም ሣጥኑም በልቶታል። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ገና ብቅ ሲል አግዳሚው ሁሉ «መጣ! ዛሬ ደግሞ በምን ይሞት ይሆን?» እያለ ይንጫጫል። ሲሞት ግን ጸጥ ይላል። በሌላው ሞት የሚስቁ፣ በጭራቁ ጭምብል የሚያፌዙ ጎረምሶች በሱ ሞት ላይ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ፀጉር ሠሪዋ አንድ ጊዜ ሚስጥሩን ጠይቃው ነበር።

«መጀመሪያ እግሬን እረሳዋለሁ» አላት። «ከዚያ ጉልበቴን፣ ከዚያ ወገቤን። እጄ የማን እንደሆነ ይጠፋኛል። መጨረሻ ዓይኔ ይቀራል፤ ከባዱ እሱ ነው። ዓይን ማየት ይወዳል። እንዳያይ አድርገሽ ክፍት ትተዪዋለሽ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የለሁም።»

ይህን ሲናገር ራሱም ፈራ ተባ ይል ነበር። ከየት እንደመጣለት አያውቅም፤ ማንም አላስተማረውም።

ይህን ሁሉ የማታውቅ አንዲት ሰው ነበረች፤ እናቱ። ሟቹ ከእናቱና ከታላቅ እህቱ ጋር ነው የሚኖረው። እናቱ ደግሞ ያለ መሐላ ወሬ የማይጥማት ሴት ናት። ቲማቲም ሻጩ ሚዛን ቢያጎድልባት «ልጄ ይሙት ጎድሏል!»፣ ሰማዩ ቢጠቁር «ልጄ ይሙት ይዘንባል!»፣ የጠፋው የጀበና ክዳን ከአልጋ ሥር ሲገኝ «ልጄ ይሙት እዚህ አላስቀመጥኩትም!»። እህቱ አንዳንዴ «በእኔስ ለምን አትምዪም?» ስትላት፣ «ባንቺ ብምል ማን ያምነኛል?» ትላለች። ሟቹም «እማዬ፣ ዛሬ ስንቴ ገደልሽኝ?» እያለ ይስቅ ነበር። ፊልሙን ግን ደበቃት። «በእረፍት ቀኔ ቪዲዮ አግዛቸዋለሁ» ብሎ አለፈው።

የተደበቀ ነገር ጎረቤት እስኪመጣ ነው። አንድ ከሰዓት ጎረቤታቸው ስልኳን ይዛ መጣችና፣ «ልጅሽ እንዲህ ዝነኛ መሆኑን ለምን አልነገርሽንም?» ብላ አሳየቻት። እናቱ ስልኩን ወደ ደህናዋ ዓይኗ አስጠጋች። ልጇ ግንባሩ ላይ መጥረቢያ ተተክሎበት፣ ዓይኑን ከፍቶ ተጋድሟል። ኡኡታዋ ገና ከጉሮሮዋ ሳይወጣ በሩ ተከፈተና ሟቹ ከሥራ ገባ፤ የዚያን ዕለት ሲሚንቶ ሲያቦካ ውሎ ከፀጉሩ እስከ ጫማው ግራጫ ሆኗል። እናቱ አየችው። ከዚያ ወንበሩን ሳትይዝ ወደቀች።

ውሃ ተረጭቶባት፣ ጉንጩን በመዳፏ ዳብሳ፣ ሲሚንቶውን ከግንባሩ ላይ ፍቃ፣ ቁስል አለመኖሩን አይታ ተረጋጋች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን መሐላዋ ጠፋ። ቲማቲም ሻጩ ዘንድ ስትከራከር «ልጄ ይ...» ብላ ትጀምርና አፏን በእጇ ትይዛለች፤ ሒሳቡን ሳትጠይቅ ትመለሳለች። ቤቱ ውስጥ ወሬ አጠረ። እህቱ ናት መጀመሪያ የነቃችበት፤ «እማዬ መጨቃጨቅ ተወች፤ ታማለች ማለት ነው» አለችው።

ሟቹ እናቱ አጠገብ ተቀመጠ። «እማዬ፣ ፊልም እኮ ነው» አላት።

«ፊልም መሆኑንማ አውቃለሁ፤ ሞኝ መሰልኩህ?» አለችው። «እኔ አውቃለሁ፣ ዓይኔ ግን አያውቅም። ስጨፍነው የሚታየኝ ያ መጥረቢያ ነው። ስንት ዓመት ይሙት ይሙት እያልኩ በእውነትም በውሸትም ማልኩብህ። አፌ ነው ያመጣብህ።»

«ይኸው በየቀኑ እያየሽኝ አይደል እንዴ?»

«በየቀኑ ያየሁትን ያ አንድ ቀን በላብኝ። ሐኪሙም ያለውን ሰምተሃል፤ አንዷ ዓይኔ ጠፍታለች፣ ይቺኛዋም መንገድ ላይ ናት። ከጠፋች በኋላ የምኖረው እስካሁን ባየሁት ነው። መጥረቢያውን ይዤ ልቅር?»

«ልተወው?» አላት።

«ብትተወው ያየሁት ይፋቃል? አንዴ ተርፈህ አሳየኝ። ሁሉም አልቆ አንተ ስትቀር ልይህ። በል፣ ስሞትልህ።»

በማግሥቱ ካት ዘንድ ሄደ። ካት የሠርግ ቪዲዮ እያቀናበረ፣ የሙሽራዋን ፈገግታ ወደፊትና ወደኋላ እየመላለሰ ሰማው። ሰምቶም ራሱን ነቀነቀ።

«ወንድሜ፣ እናትህ ለእኔም እናቴ ናት። ግን አንተ ካልሞትክ ሕዝቡ ፊልሙ አልቋል ብሎ አይነሣም። አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ ያድርብኛል።»

ፀጉር ሠሪዋ ጥግ ላይ ሆና ቀይ ሥር ትልጥ ነበር። «እስቲ ቆዩ» አለች። «በእኛ ፊልም መጨረሻ ላይ በሕይወት የሚቀረው ማነው?»

ሁለቱም አሰቡ። በካት ፊልም ሁሉም ያልቃል፤ ጀግናው ያልቃል፣ ፖሊሱ ያልቃል፣ ፍቅረኛዋ ታልቃለች። አንድ ብቻ ይቀራል። ጭራቁ ሞቶ አያውቅም፤ ጭምብሉ ከተቀደደ ሌላ ስለሌላቸው ማንም አይነካውም።

«ጭራቁን ልሁን» አለ ሟቹ። «ግን ጭምብል አላደርግም። እማዬ ፊቴን ማየት አለባት።»

«ያለ ጭምብል ማን ይፈራሃል? ሲያለቅሱልህ የኖሩት ፊት እኮ ነው!»

ሟቹ በር ላይ ያስቀመጠውን ባልዲ አየ። «ጀሶ አለኝ» አለ።

ፊልሙ ከነነፍሱ ግድግዳ ውስጥ ተለስኖ የቀረ ሰው ታሪክ ሆነ። የተዘጋ የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ፣ ወለሉ አሁንም በሚያዳልጥ ክፍል፣ ሟቹ ራሱ ግድግዳውን አዘጋጀ። ለሰውነቱ የሚበቃ ጉድጓድ ተወ፤ ዙሪያውን ለሰነ፤ ከዚያ ገባበት። ፀጉር ሠሪዋ ፊቱን ዘይት ቀባችውና እሱ «እጅሽን አታስጨንቂው፣ ሳሳ አድርጊው» እያለ እየመራት በአመድ ግራጫ የተደረገውን ጀሶ አለበሰችው። ስትጨርስ ወደኋላ ሁለት እርምጃ ሄደች። ከዚያ ግድግዳው ላይ ፈለገችው፤ አጣችው። ራሷ በእጇ የለሰነችውን ሰው አጣችው። ዝም ብሎ ግድግዳ ነበር።

ተዋናዮቹ ገቡ። ጮክ ብለው ያወራሉ፣ ይጠጣሉ፣ አንዷ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ደገፍ አደረገች። ሁሉም እዚያ ውስጥ ሰው እንዳለ ያውቃሉ፤ ታሪኩን አንብበውታል። ቢሆንም ሁሉም ረስተውታል።

ሟቹ ሲሞት ከእግሩ ነበር የሚጀምረው። አሁን ከዓይኑ ጀመረ። ግድግዳው መሃል ሁለት ስንጥቅ ታየና በስንጥቁ ውስጥ ዓይን ተከፈተ፤ ያ እንዳያይ ሆኖ ክፍት ሲተው የኖረ ዓይን አሁን ያያል፤ ክፍሉን ሁሉ፣ አንድ በአንድ ያያቸዋል። ከዚያ ጉንጩ ተሰነጠቀ። ከዚያ አንድ ጣት ከልስኑ ወጣች፣ እጅ ሆነች። መጨረሻ ላይ ጉልበቱ ግድግዳውን ገፋውና፣ ጀሶው እየረገፈ፣ ሰው ከድንጋይ ወጥቶ ቆመ። መጮህ የነበረባት ተዋናይት ድምፅ አልወጣላትም። ካት ካሜራውን እንደያዘ ወደኋላ አፈገፈገ፤ የካሜራው መንቀጥቀጥ ፊልሙ ላይ አለ፣ አላወጣውም። እነዚህ ሁሉ ሞትን በቀይ ሥር ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች፣ ሰው ሲነሣ ማየት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያን ቀን ነው ያወቁት።

ፊልሙ በአንድ ከሰዓት በሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ታየ። እህቱ እናታቸውን ደግፋ አመጣቻትና ፊት ለፊት፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ማለት ይቻላል፣ አስቀመጠቻት። ሟቹ ከኋላ መጋረጃው አጠገብ ቆመ። ቤቱ ጢም ብሏል። ፊልሙ ተጀምሮ ገፋ ሲል «ሟቹ የታለ? ሞቶ አለቀ እንዴ?» የሚል ማጉረምረም ተሰማ።

ግድግዳው ዓይኑን ሲከፍት ማጉረምረሙ ቆመ። ሥጋ ሻጩ፣ ያ ግዙፍ ሰውዬ፣ ሚስቱ ጀርባ ተደበቀ። አንዱ አግዳሚ ከነተቀማጮቹ ወደኋላ ተገለበጠ፤ ሲገለበጥ እንኳ የሳቀ የለም። እናቱ ብቻ ወደፊት ተጠጋች። አፍንጫዋ ቴሌቪዥኑን ሊነካ ነው። ከፀጉሩ እስከ ጫማው ግራጫ የሆነ ሰው በአንዲት ዓይኗ ውስጥ ሲራመድ አየች፤ ያን ዕለት በበሩ የገባውን ሰው። ባለ መጥረቢያው መጣበት፤ መጥረቢያው ግንባሩ ላይ ተሰበረ። ጀግናው አለቀ፣ ፖሊሱ አለቀ፣ ሁሉም አለቀ። ግራጫው ሰው የፋብሪካውን በር ከፍቶ ወደ ፀሐይ ወጣ፤ መንገዱን ይዞ፣ ጀሶው እየረገፈለት፣ በእግሩ ሄደ።

በዚያ ሁሉ ጸጥታ ውስጥ አንዲት ሴት አጨበጨበች።

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!»

ከኋላዋ የተቀመጠ ጎልማሳ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ ተሳስተዋል» አላት በትሕትና። «ይሄኛው ሟቹ አይደለም። ሟቹ ቢሆን እስካሁን ሞቶ ነበር።»

እናቱ ዞረች። ቲማቲም ሻጩ የናፈቀው ያ ድምፅ ሙሉውን ተመልሶ መጣ።

«ልጄ ይሙት እሱ ነው!»

ቤቱ ደነገጠ። እህቱ እጇን ያዘቻት። ጎልማሳው ግን «ኧረ እማማ፣ በልጅ እንዲህ ይማላል?» አለ።

«ምን እንዳይሆን?» አለች። «አላየህም እንዴ? እሱ እኮ አይሞትም።»

አግዳሚው ላይ የነበረችው ፀጉር ሠሪዋ ወደኋላ ስትዞር መጋረጃው አጠገብ ሟቹን አየችው። ዝንብ የማያርገበግበው ያ ዓይን እንባው ይፈሳል።

«ምን ሆንክ?» አለችው።

«ጀሶ ገባብኝ» አላት።

ያንን ጀሶ ራሷ አጥባ ካስለቀቀችው ወር አልፎታል። መሐረቧን ሰጠችው።