ከጀማ አሸዋ የወጣው ጥርስ

የኖራ ድንጋይ ሲፈለጥ የሚወጣው፣ ክብሪት ተጭሮ እንደጠፋ ያለ ሽታ በአፍንጫዬ በገባ ቁጥር፣ መንገድ ላይም ብሆን ቆሜ እቀራለሁ፤ እህቴ የሺ ሁለት ዓይን የነበራት ጊዜ ይመጣብኛል።

ቤታችን መርሐቤቴ፣ ደጋው አልቆ ገደሉ ከሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነበር። አባታችን የደብሩ ቄስ ሲሆኑ፣ ከገደሉ ሥር በጀማ ወንዝ ዳር የማሽላ ማሳ ነበራቸው። ኅዳር ሲገባ እናታችን እኔንና የሺን ይዛ ትወርድና፣ አዝመራው እስኪሰበሰብ ድረስ ዳስ ጥለን እንሰነብት ነበር። ያን ጊዜ ወንዙ ጎድሎ፣ ክረምቱን ሲያግበሰብስ የከረመውን አሸዋና ጠጠር ዳርና ዳር ዘርግቶት ይሸሻል፤ እኛም ወፍ ስንጠብቅ ውለን፣ ፀሐይ ስትበርድ አሸዋው ላይ እያጎነበስን ድንጋይ እንለቅም ነበር።

ድንጋይ ስል ተራውን አይደለም። እንደ በግ ቀንድ የተጠመዘዘ አለ፣ እንደ ዛጎል ሁለት ሆኖ የተገጠመ አለ፣ አልፎ አልፎም አጥንት የሚመስል ይገኛል። የሺ ከእኔ በስድስት ዓመት ትበልጠኝ ነበርና የመለየቱ ሥራ የሷ ነበር። ጠርጥራ ያነሣችውን ምላሷን ታስነካውና፣ ከተጣበቀ «ይሄ አጥንት ነው» ትላለች፤ ካልተጣበቀ ወንዙ ውስጥ ትጥለዋለች። ቤት ስንመለስ በየዓይነቱ ለይታ በአሮጌ እንቅብ ታስቀምጠው ነበር። አባታችን «የኖኅ ውሃ ያመጣው ነው፤ ይቀመጥ» ስላሉ የተቆጣን አልነበረም፤ እናታችን እንኳ ትልቁን የቀንድ ድንጋይ በድስት ክዳን ላይ ትጭነው ነበር።

በአምሳዎቹ መጀመሪያ በአንደኛው በጋ ግን የሺ ጥርስ አገኘች። ጣት የሚያህል፣ ወደ ኋላ የጎበጠ፣ ጥቁር ሆኖ የሚያብለጨልጭ፣ ጠርዙም እንደ መጋዝ አፍ የሻከረ ነበር። በዚያው ሰሞን ድንጋይ የሚመረምር አንድ ፈረንጅ በበቅሎ ከአስተርጓሚው ጋር ሲያልፍ፣ የሺ ሮጣ ጥርሱን አሳየችው። ፈረንጁ ከበቅሎው ወርዶ እያገላበጠ አየውና ብዙ ተናገረ።

«ሰው ሳይፈጠር የነበረ አውሬ ጥርስ ነው ይላል» አለ አስተርጓሚው፤ «እንሽላሊት ይመስላል፣ ግን ከቤታችሁ ይበልጣል።»

«ስሙ ማነው?» አለች የሺ።

ፈረንጁ የነገረውን ስም አስተርጓሚው ሊጠራው ቢሞክር ምላሱ እምቢ አለውና፣ ሳቅ ብሎ «ዘንዶ በይው» አላት። ያ ቃል ገደሉን ከእኛ ቀድሞ ወጣ።

ክረምት ሲገባ እናታችን ወንድ ልጅ ወለደች። ከእኔ በኋላ ሁለት ቀብራ ያገኘችው ነበርና፣ እሱን ስትታቀፍ ፊቷ ይለወጥ ነበር። ክርስትና በተነሣ በሰሞኑ፣ በነሐሴ ጉም ሳል ያዘው፤ ጡት አልይዝ አለና ሞተ። በሠልስቱ ለቀስተኛው በተቀመጠበት፣ የአባታችን እህት ብዙነሽ «ዘንዶ በቤቱ አስቀምጦ ልጅ ያሳደገ ማን አለ?» አለች። እናታችን ተነሥታ ገባችና እንቅቡን ከነድንጋዩ አውጥታ በግቢው መሀል ደፋችው፤ ሙቀጫና ዘነዘናም አምጥታ አቆመች።

«ያመጣሽው አንቺ ነሽ፤ ውቀጪው።»

የሺ ጥርሱን ከክምሩ ውስጥ አንሥታ ደረቷ ላይ ያዘችው። «እምዬ፣ ካገኘሁበት ልመልሰው። ዛሬውኑ ወርጄ እጥለዋለሁ።»

«ልጄ ይመለስልኛል? ውቀጪ አልኩሽ!»

አባታችን ዳዊታቸውን እንደ ገለጡ አንገታቸውን አላነሡም። የሺ ዛጎሉን ወቀጠች፣ ቀንዱን ወቀጠች፣ ጥርሱን የመጨረሻ አደረገችው። ሴቶቹ ከበው ያያሉ፤ አንዷ «እሰይ» ስትል ሰማሁ። ጥርሱ አልሰበር ብሎ ቆየና በድንገት ተፈነጠረ፤ የሺም ዘነዘናውን ጥላ ግራ ዓይኗን ያዘች። በጣቶቿ መሀል ደም ወረደ። እኔ ስጮኽ ብዙነሽ በነጠላዋ አፌን አፈነችው። እናታችን የየሺን እጅ ከዓይኗ ላይ አላቅቃ ዘነዘናው ላይ መለሰችው።

«ገና አልደቀቀም» አለቻት።

የሺ ዱቄት እስኪሆን ወቀጠችው።

መስከረም ሲጠባ ዓይኗ እንደ እንቁላል ነጭ ሆኖ ነበር። ጠበል አልመለሰውም። የሰፈሩ ልጃገረዶች አበባየሆሽ ሊሉ ሲጠሯት፣ እናታችን ከበሩ ላይ «በዓመት በዓል የሰው ደጅ ዕውር ይዛችሁ ልትሄዱ ነው?» ብላ መለሰቻቸው። ያጩዋት ሰዎችም ሽማግሌ ልከው ቃላቸውን አነሡ። እኔ ዓለም ከተማ ለትምህርት ተላክሁ፤ የሺ ከእናታችን ጋር ቀረች።

ከብዙ ዓመት በኋላ እናታችን በተራዋ ማየት ተሳናት፤ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለመው በየሺ ትከሻ ላይ እጇን ጭና ነበር። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ ሳለ አላስችል አለኝና «እማ፣ የየሺ ዓይን ትዝ ይልሻል?» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና «ቀስ ብላ ብትወቅጠው ኖሮ አይፈናጠርባትም ነበር» አለች።

የሺ የተንሸራተተውን የእናታችንን ነጠላ አስተካከለችላት።

ዛሬ በመንደራችን ጤና ጣቢያ አለ፤ የሚያስል ሕፃን መድኃኒት ያገኛል። የትምህርት ቤቱ ልጆችም ከጀማ ዳር የለቀሙትን ክፍላቸው ውስጥ ይደረድራሉ፤ ዳይኖሰር የሚለውን ስም እንደ በግና እንደ ላም ስም ሳይፈሩ ይጠሩታል። የሺ ይህን ሳታይ ሞተች ብል ይቀለኝ ነበር፤ ግን በሕይወት አለች፣ አይታለችም። ባለፈው በጋ የጎረቤት ልጅ እየሮጠች መጥታ ያገኘችውን ስታሳያት አብሬያት ተቀምጬ ነበር። የሺ ብዙ ተመለከተችው፣ አልነካችውም።

«ያምራል» አለቻት በመጨረሻ። «እናትሽ አይታዋለች?»

«አዎ» አለች ልጅቷ፤ «እሷ ናት ያጠበችልኝ።»